ወዝ

ዋተርበሪ ድሮ የነሐስ አገር ነበረች፣
ዛሬ ጭስ ማውጫዋ ቆሞ ጭሱን የረሳች።
ኦቪድ ቴሪዮ እዚያ አርባ ዓመት ሠራ፣
በብረት ላይ የሰው ፊት እየቆፈረ፣ በግራ።
ሜዳሊያ ቀራጭ ሁሉን ገልብጦ ያያል፣
“ለኔማ ግልብጡ ነው ቀናው” ይል ነበር፤ ደግሞም ይስቃል።
ጡረታ ሲወጣ ይዞት የወጣው ሁለት ነገር ነበረ፦
የጎበጠ ጀርባ፣ አንድም ሣጥን፣ በሰማያዊ ከፋይ የታጠረ።

እኔ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ እሑድ እሑድ ግን
ከአሮጌ ዕቃ ገበያ እለቅማለሁ፣ ፊት ያለበትን ብረት፣ ክብ ክቡን።
አንድ ቀን ያገኘሁትን ነሐስ በሸሚዜ ጫፍ ስወለውል አየኝና
እጄን ቀጨም አደረገው፦ “ቆዳውን አትግፈፍ፣ ምን በደለህና?
ዝገት ሌላ ነው፣ ወዝ ሌላ። ዝገት ይበላል፣
ወዝ ግን ያለብሳል።”

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ማታ፣ ሰኞ ማታ፣ ከሣጥኑ ፊት ተቀመጥን።
መዳብ፦ ሲወለድ እንደ ሕፃን ድድ ቀይ፣
ሰንበት ሲል የጠይም ሰው ጉንጭ፣
ባሕር ዳር የኖረ እንደሆን፣ ጨው ያበቀለው ሣር መሳይ።
ብር፦ ቂመኛ ነው ብር፣ ሽታ አይረሳም፣
እንቁላል ከተቀቀለበት ቤት ካደረ፣ በማግስቱ ፊቱ አይፈታም፤
መጀመሪያ ገለባ ይመስላል፣ ቀጥሎ የርግብ አንገት፣
ከዚያ የክረምት ሌሊት፣ አፍንጫው ጫፍ ላይ ብቻ የቀረች ንጣት።
እርሳስን “አትመነው” አለኝ፤ የኦክ መሳቢያ ትንፋሽ ይገድለዋል፣
ንጉሥም ተቀርጾበት ቢሆን፣ እንደ ዱቄት ይረግፋል።
ወርቅስ? ትከሻውን ነቀነቀ።
“ወርቅ ምንም አይሆንም። ምንም ስለማይሆን
ምንም አይነግርህም።”

አንዲት ነበረች ግን በጓንት እንኳ የማያስነካኝ፦
የመዳፍ ያህል ነሐስ፣ ጀርባዋ ባዶ፣ የሴት መልክ በጎን፣
ከንፈሯ ላይ ልትናገረው ብላ የተወችው ነገር፤
ጉንጯ ላይ አንድ የአውራ ጣት አሻራ፣ ከሌላው ይልቅ የጠቆረ።
“የማን ነው?” አልኩት።
ሣጥኑን ከደነ።

በመጋቢት ሞተ። ልጁ ክሌማንስ ከሜይን መጣች፣
“ከመሸጡ በፊት አንተ እያቸው” ብላ ጠራች።
ደረጃውን ስወጣ ሸተተኝ፤ ሆምጣጤ፣ ሎሚ፣ ጨው።
ሦስት ሌሊት አልተኛሁም አለች። ጥፍሯ ሥር ጥቁር ነው።
በነጭ ጨርቅ ላይ መቶ አርባ ሁለት ሜዳሊያ፣ ሁሉም በርቷል፣
ሁሉም አንድ ዓይነት፣ እንደ አዲስ ሳንቲም፣ እንደ በር እጀታ።
“በዚያ ቆሻሻ ሥር እንዲህ ማማራቸውን ማን ያውቅ ኖሯል!”
አለች፣ ለአባቷ የመጨረሻውን ልብስ እንዳለበሰች ሁሉ ረክታ።

ምን ይባላል? አፌን ከፈትኩ፣ ምላሴ መዳብ መዳብ አለ።
“ያበራሉ” አልኩ።
ሐሰት አይደለም። ያበራሉ።

ሴትዮዋን ፈለግኩ። ጉንጯ ንጹሕ ነው፣ እንደ ሙሽራ የታጠበ፤
አሻራው የለም።
ክሌማንስ አነሳቻት፣ ባዶ እጇን፣ ወደ መስኮቱ ወሰደችና
“እናቴ ናት” አለች። “ጥቁር ሆና ለይቻት አላውቅም ነበር።”
አውራ ጣቷን ጉንጩ ላይ አሳረፈች፤ ቆየች፤
የት እንዳሳረፈችው ሳታውቅ።

የጣት ላብ በተራቆተ ነሐስ ላይ ወር ሳይሞላው ይጠቁራል፤
ይህንንም ያስተማረኝ እሱ ነው።
“እሷን አትሽጫት፣ ደግሞም አትወልውያት” አልኳት። ምክንያቱን አልጠየቀችኝም።

የቀሩትን ገዛሁ። የማዕድ ቤቴ መስኮት ላይ ተሰልፈዋል።
ለመዳቡ ሠላሳ ዓመት፣ ለነሐሱ አርባ፤
ብሩ ይፈጥናል፣ ስለዚህ በየማለዳው እንቁላል እቀቅላለሁ።
እንቁላል አልወድም።
ዕድሜዬ ሃምሳ ስምንት ነው፤ ሒሳቡ አይገጥምም፣
ቢሆንም እቀቅላለሁ።